ሁለተኛው ጥይት

«ሦስተኛውን መስመር ደግመሽ አንብቢልኝ» አሉ ሲኞር ፍራንኮ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

ሔራን ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶ አየች። የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ ነው። የት እንዳገኙት እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። ነገ ጠዋት የአደን ፈቃዳቸውን ለማደስ ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ፤ ፊደሎቹን እንደ ዳዊት ሊሸመድዱ ቆርጠዋል። ሔራን አነበበችላቸው።

ሲኞር ፍራንኮ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። የሚንከባከባቸው አባቷ ግዛቸው ነው። ከሮም ወጣ ብሎ ወዳለው ጫካ ሄደው አጋዘን ሳይጥሉ ተመልሰው አያውቁም። የሰፈሩ ሰዎች ምስጢሩን ሲጠይቋቸው «ነፋሱን በፊትህ ተቀበል፣ ታገሥ፣ የምትተኩስበትን ለይተህ እይ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። የሚያየው ግን አባቷ ነው። አጠገባቸው ተኝቶ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ዝቅ አድርጉት፣ አሁን» እያለ በሹክሹክታ ይመራቸዋል። ታላቅን ማሳፈር ነውር ነው ተብሎ ስላደገ፣ ዓይንዎ ደክሟል ብሏቸው አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ሔራንም አብራቸው ሄዳ ነበር። ሲኞር ፍራንኮ ተኮሱ፤ አንዲት አጋዘን ቁጥቋጦው ውስጥ ወደቀች። አባቷ ቢላዋውን ይዞ ሮጠ። ሁሌም ይሮጣል፤ ነፍሷ ሳትወጣ ደርሶ «በስመ አብ» ብሎ ካላረዳት ሥጋዋ እነሔራን ቤት አይበላም። ቅጠሉ ሲንቀሳቀስ ሲኞር ፍራንኮ የቆሰለችው የተነሣች መሰላቸው። ጠመንጃቸውን እንደገና አነሡ። ሔራን ልትጮህ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ጥይቱ ከአባቷ ራስ አንድ ክንድ ርቆ ግንድ ውስጥ ገባ።

«ሳትኩ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው።

«የመጀመሪያው ይበቃል፣ ሲኞር» አላቸው አባቷ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ቶር ፒኛታራ ሰፈር፣ እነሔራን ቤት ሲደርሱ አባቷ ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ አናገራት። «ለማንም እንዳትተነፍሺ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የሚታደሰው በሳቸው የሥራ ኮንትራቶ ነው። ከተቀየሙኝ አለቀልን።»

«ቢመቱህስ ኖሮ፣ ባባ?»

«አልመቱኝም እኮ፤ አታካብጂ። ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው፣ ይረሳል።»

እሷ ግን አልረሳችም። ትምህርት ቤት በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ትደነግጣለች። ዛሬ አባቷ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ስለሄደ፣ እስኪመለስ ሽማግሌው ቤት አብራቸው የተቀመጠችው እሷ ናት።

«አሎራ፣ አሁን አራተኛው መስመር» አሉ ሲኞር ፍራንኮ በደስታ። «ነገ ካለፍኩ ቅዳሜ እንወጣለን። ለአባትሽ ነግሬዋለሁ፤ እሺ ብሏል።»

መቼም እሺ ይላል። ሔራን ከተናገረች አባቷ ከሥራው ሊባረር ይችላል፤ ያስባረረችውም እሷ ትሆናለች። ካልተናገረች ደግሞ ቅዳሜ አለ። ሽማግሌው ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀላት ነበር፤ እሳቸው ግን የሒሳብ የቤት ሥራዋን የሚያግዟት፣ ልደቷን የማይረሱ ሰው ናቸው።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

«ሲኞር ፍራንኮ፣ ቅዳሜ ለሁለተኛ ጊዜ የተኮሱት አጋዘኗ ላይ አልነበረም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጡ። «ታዲያ ምን ላይ ነው?»

የአባቷ ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ተሰማ። «ምንም» ብላ ለመተው ገና ጊዜ ነበራት።

«አባቴ ላይ ነው» አለች።