ፀሐይ ላይ የዋለው ጊታር

«ነገሩ ሳይወጣ እህል የሚቀምስም ሆነ ቤቱ የሚገባ የለም» አሉ ጭቃ ሹሙ። ጠዋትም ብለውት ነበር። አሁን ግን ፀሐይዋ አናት ላይ ስለወጣች ቃሉ ከበድ ብሎ ተሰማ። ከባቡር ጣቢያው በላይ ባለው ትልቅ ሾላ ሥር የተሰበሰበው የአዳማ ሰው አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ጥላው የደረሰው ለሽማግሌዎቹና ቀድሞ ለመጣው ብቻ ነው። ሌላው ነጠላውን አናቱ ላይ ጥሎ ይጠበሳል።

አውጫጭኝ እንዲህ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣና የሰማ የሰማውን፣ ያየ ያየውን ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ይነግራል። ከየት አመጣኸው ብሎ የሚያፋጥጠው የለም፤ «ወፍ ነገረኝ» ካለ ይበቃል። የቀረ ይቀጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጡት ወንዶች ነበሩ። የዛሬው ዕቃ የጠፋው ግን ሴቶች ከሚሠሩበት ሆቴል ስለሆነ ሴቱም ልጁም ይውጣ ተብሏል።

የጠፋው የባለ ሆቴሉ የግሪኩ የሙሴ ስታማቲ ጊታር ነው። የከበሮ ሠሪው ልጅ ተሻለች የት እንዳለ ታውቃለች። አባቷ ግቢ፣ ገና ቆዳ ባልተወጠረበት የከበሮ ቀፎ ውስጥ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ደረቱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ከጎኗ ጓደኛዋ ከሪማ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የከሪማ እናት እትዬ ዘሃራ የሆቴሉን አንሶላ የሚያጥቡ፣ የሙሴ ስታማቲን ክፍል ቁልፍም የሚይዙ ሴት ናቸው። ከጠዋት ጀምሮ የሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው ላይ ነው።

«ምነው ያን ቀን እጄን በቆረጠው» አለች ከሪማ በሹክሹክታ። «ምነው ባልሰጠሁሽ።»

ተሻለች የሰማ እንዳለ ዞር ብላ አየች። እሷም ፈርታለች።

ጊታር ልሥራ ብላ የተነሳችው ማንም አዟት አልነበረም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሴ ስታማቲ በረንዳው ላይ ሲጫወት፣ እሷና ከሪማ ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ተደብቀው ይሰሙ ነበር። አባቷ አቶ ገብረወልድ ለአብያተ ክርስቲያናት ከበሮ የሚሠሩ ሰው ስለሆኑ የዋንዛ ቁራጭ በግቢው አይጠፋም። ውሃ ቀድታ፣ ግቢ ጠርጋ፣ እንጨቷን ለቅማ ስትጨርስ የቀረው ጊዜ የራሷ ነበር። ያን ጊዜ ትፍቃለች፣ ትልጋለች፣ ታጎብጣለች።

የመጀመሪያውን በፍየል ቆዳ ሸፈነችው። የምታውቀው ክራርም፣ ማሲንቆም፣ ከበሮም ፊቱ ቆዳ ነው፤ የጊታር ለምን ይለያል?

«ይሄ ያገሳል እንጂ አይዘፍንም» ብላ ከሪማ ሳቀችባት።

ከዚያ በኋላ ፊቱን በእንጨት ማድረግ ጀመረች። በጋለ ድንጋይ ላይ የምታጎብጠው ስስ እንጨት እየተሰበረባት ስታለቅስ ያያት ነገሪ ነው። ነገሪ ከአርሲ በኩል ከሰል በአህያ እየጫነ ለሆቴሉም ለእነሱም የሚያመጣ ሰው ነው። ስብርባሪውን አየ፣ ምንም ሳይል ሄደ፣ በሌላ የገበያ ቀን ግን ከከሰሉ ላይ አንድ የዝግባ ሳንቃ ጭኖ መጣ። ዋጋውን ስትጠይቀው ራሱን ነቀነቀ።

«ሲዘፍን ታሰሚኛለሽ» አላት።

አባቷ ግን ሥራዋን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። «አዝማሪ ይሉሻል» ይላሉ። «የአዝማሪ አባት የሠራውን ከበሮ የትኛው አለቃ መቅደስ ያስገባል?»

ሳንቃውን እስኪሳሳ ፋቀችው። ያ ሁሉ ጅማት ሲወጠርበት ስሱ እንጨት እንዴት እንደማይጎብጥ ግን አልገባት አለ። መልሱ ያለው በሙሴ ስታማቲ ጊታር ሆድ ውስጥ ነው። ሰውየው ወደ ድሬዳዋ በባቡር ሲሄድ ከሪማን ለመነቻት። ከሪማም የእናቷን ቁልፍ ሰርቃ ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልላ አመጣችላት።

እጇን በክብ ቀዳዳው አስገብታ ስትዳብስ፣ ከፊቱ ሥር የተጣበቁ ቀጫጭን አግዳሚ እንጨቶች አገኘች። ፊቱን ደግፈው የያዙት እነሱ ናቸው። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። በክር ለክታቸው፣ መሬት ላይ ሥዕላቸውን ጭራ ስትጨርስ ጅማቱን ነካችው። ድምፁ ደከም ያለ ሆነባት፤ በረንዳው ላይ እንዲህ አልነበረም።

መድኃኒቱን የምታውቅ መሰላት። የከበሮ ድምፅ ሲላላ አባቷ ፀሐይ ላይ ያወጡታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው የኖረችው ነገር ነው። ጊታሩን ግድግዳ አስደግፋ ፀሐይ ላይ አቆመችውና ውሃ ልትቀዳ ወረደች። የአዳማ ፀሐይ ምሕረት የላትም። ስትመለስ ማጣበቂያው ቀልጦ፣ ፊቱ ከጎኑ ተገንጥሎ፣ ከቀዳዳው እስከ ታች ተተርትሯል። ቆዳ በፀሐይ ይወጠራል፣ እንጨት ግን ይሰነጠቃል። ይህን ማንም ሳይነግራት እዚያው እንስራዋን ተሸክማ ቆማ ተረዳችው። በግራር ሙጫ ልትጠግነው ብትሞክርም አልያዘላትም። ሙሴ ስታማቲም ካሰቡት ቀድሞ ተመለሰ።

ከሪማ ድንገት ከጎኗ ተነሳች። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ በአንደኛው ጆሮ ጥቂት ነገር ተናግራ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አልሻቸው?»

«ወፍ ነገረኝ አልኳቸው።»

«ምን ብሎ?»

ከሪማ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። «ነገሪ ጆንያ ተሸክሞ ከሆቴሉ ጓሮ ሲወጣ ታይቷል አልኩ። ውሸት አይደለም እኮ፣ ሁልጊዜ ጆንያ ይዞ ይወጣል።»

«ባዶ የከሰል ጆንያ።»

«አውቃለሁ።» የከሪማ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ታዲያ እናቴን ሲያስሯት ልይ? እሱ የሩቅ ሰው ነው። ትንሽ ጠይቀው ይለቁታል።»

አለመልቀቃቸውን ተሻለች ለማየት ብዙ አልጠበቀችም። ነገሪ ተጠራ። ከኋላ ተነስቶ፣ በከሰል የጠቆረ እጁን በጋቢው እየጠረገ መሀል ቆመ።

«እኔ ከሰል አራግፌ ወጣሁ» አለ። «ሌላ ነገር የለም። አምላኬ ዋቅ ያውቃል።»

«እንግዲያው ዋስ ጥራ» አሉት ጭቃ ሹሙ።

ነገሪ ዞር ዞር እያለ ሰዉን አየ። ከሰሉን ገዝተው የሞቁ፣ በስሙ የሚጠሩት፣ «አካም» እያሉ ሰላም የሚሉት ሰዎች ሁሉ ተቀምጠዋል። አንዱም አልተነሳም። ተሻለች ወንዶቹ መሀል ያሉትን አባቷን ፈለገቻቸው። «ተነሱ፣ አባዬ» አለች በልቧ። አቶ ገብረወልድ ግን የጫማቸውን ጫፍ ያዩ ነበር። ለማያውቁት ነገር ዋስ መሆን ቤት ያፈርሳል፤ እሳቸውም ፈርተዋል።

አንድ ሰው ገመድ ይዞ መጣ። አህያውም በመያዣነት እንዲቆይ ታዘዘ። ነገሪ ሳይከራከር ሁለት እጁን አቀረበ። ለተሻለች ሳንቃውን ያቀበሏት እነዚያ እጆች ናቸው።

ማምለጫ ፈለገች። ማታ ጊታሩን ብታቃጥለው ነገሪ ታስሮ ይቀራል። አዋሽ ብትጥለውም፣ ባቡር ተሳፍራ ብትጠፋም ነገሪ ታስሮ ይቀራል። በየትኛውም በኩል ብትዞር ያ ገመድ አለ። ብትናገር ደግሞ የአባቷ እንጀራ ይቋረጣል፣ እሷ የሌባ ስም ይወጣላታል፣ ከሪማም ከእሷ ጋር ትወድቃለች።

ስትነሳ ከሪማ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘች። «ተሻለች፣ ተይ። እለምንሻለሁ።»

«ሲጠይቁኝ ለምኜ አስመጣሁት እላቸዋለሁ። እናትሽ ምንም እንደማያውቁም እነግራቸዋለሁ፤ እውነት ነውና።»

«የእኔንስ ስም?»

ተሻለች ቀሚሷን በያዘው እጅ ላይ እጇን አኖረች። «ከጠየቁኝ አልዋሽም» አለች።

የከሪማ እጅ ቀስ እያለ ላላ። ተሻለች በተቀመጠው ሰው መሀል አለፈች። አቶ አብተው የተባሉት ሽማግሌ፣ እንደ ሥርዓቱ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አቀረቡላት። በሹክሹክታ ጥቂት ቃል ብቻ ብትናገር፣ ከማን እንደመጣ ሳይታወቅ ነገሪ ሊፈታ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን ጊታሩ ከግቢያቸው ሲገኝ ሰው የሚጠረጥረው አባቷን ነው።

ከሽማግሌው ጆሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ገመዱን ይፍቱለት» አለች። ከኋላ ያሉትም እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «ይፍቱለት። ጊታሩ ያለው እኔ ዘንድ ነው።»

ሰዉ አንገቱን ቀና አደረገ። አቶ አብተው ደንግጠው ክንዷን ያዙና ወደ ራሳቸው ሳቧት። «ቀስ በይ ልጄ» አሉ ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አባትሽ ይሰሙሻል።»

«ይስሙ» አለች ተሻለች፣ ነገሩንም ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ ተናገረች።