ጭቃ ሹሟ እና ቆፋሪው

የግንባታው ሠራተኞች «ጭቃ ሹም» ይሏታል። ሥራዋ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር ዱቄት በውሃ እየበጠበጠች ለሕንፃው መሠረት የሚቆፈሩትን ጥልቅ ጉድጓዶች መሙላት ነው። ፈሳሹ ግድግዳቸውን ደግፎ ካልያዘ አፈሩ ይናዳል።

አባቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ፣ ጠዋት እሳቸውን አጥባ፣ ቀን ጭቃዋን በጥብጣ፣ ማታ አጉርሳቸው እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። ለፍቅር የሚተርፍ አቅም አልነበራትም።

ቆፋሪው የመቆፈሪያ ማሽኑን ተከትሎ ከከተማ ከተማ የሚዞር ዝምተኛ ነው። «ደህና አደርሽ?» ይላታል። «ይመስገን» ትለዋለች። በቃ።

አንድ ረፋድ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በድንገት ወረደ።

«አፈሩ ጠጣው!» ብሎ ከማሽኑ ላይ ጮኸ።

«መቆፈሪያውን ቀስ ብለህ አውጣው! ከቸኮልክ ይናዳል!»

ቀስ ብሎ አወጣው። ከዚያ ወርዶ ጆንያ ይሸከምላት ጀመር። እሷ አወፍራ ትበጠብጣለች፣ ይሞላሉ፣ ይወርዳል፤ ደግሞ ይሞላሉ። ከሰዓት በኋላ ፈሳሹ ረግቶ ቆመ። ሁለቱም ጆንያ ተደግፈው ተዘረሩ።

ሰረቅ አድርጎ አያትና ፈገግ አለ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ቅንድብሽ በዱቄቱ ሸበተ።»

«የራስህን ባየህ!»

ሳቀች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነው!

«እዚህ ስንጨርስ ማሽኑ ሌላ ከተማ ይሄዳል» አላት ቆይቶ። «አብረን እንሂድ።»

«አባቴስ?»

አንገቱን ደፋ። ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠረችው። ማሽኑ በተጫነበት ቀንም ልትሰናበተው አልወጣችም፤ የጭቃ በርሜሎቿን እያጠበች፣ ዓይኗን በክንዷ እየጠረገች ዋለች።

ወራት አለፉ። አንድ እሁድ በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። እሱ ነው፤ ከስቷል።

«ማሽኑን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። እዚሁ ክሬን ላይ ሥራ አገኘሁ።»

«ያኔ ምነው ዝም አልክ?»

«ምን ልበልሽ? የማልፈጽመውን ተስፋ ልስጥሽ?»

ዓይኗን ከእሱ አዞረች። በሩን ግን አልዘጋችም።

«ማነው?» አሉ አባቷ ከአልጋቸው፣ በተሳሰረ አንደበት።

«ቆፋሪው ነኝ፣ አባባ» አላቸው ቀድሟት።

«ገና አልሞትኩም በይው!»

ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም ተከተለ። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ገባ።

«የትኛው ጎንዎ ነው የሚያምዎ?» ብሎ በጥንቃቄ አገላበጣቸው፤ ትራሳቸውን አስተካከለላቸው። «አሁንስ ተመቸዎት?»

ሽማግሌው ሲመልሱ አልሰማችም። አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ አረፍ እንዳለች፣ በቀትር፣ እንቅልፍ ጥሏት ነበር።