የጉርድ ፎቶዋ ካሜራ

ዳኘው ትልቁን ካሜራ በላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ሲከት፣ የእህቱ ባል ቄስ ክንፈሚካኤል በቅሎዋን እየጫኑ ያዩታል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሠርግ የደገሰ ሁሉ የሚያውቀው ካሜራ ነው፤ ሌንሱ ብቻ ክንድ ያህላል። ጉርድ ፎቶ የሚያነሳባትን ትንሿን የጀማሪ ካሜራ ለመጠባበቂያ ያህል ከቦርሳው ጥግ ወሸቃት። ይንቃታል። ደንበኛ ፊት ሲያወጣት እንኳ ያፍርባታል።

ቄሱ የመጡት ሊጠሩት ነበር። እናቱ ዓባይነሽ ከገበዝ ማርያም ማዶ ባለው ቀያቸው ታመው እህል ከተዉ ሰንብተዋል። ዳኘው የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሳ ኖሮ የእናቱ አንዲት ፎቶ የለችውም፤ ካሜራ ባነጣጠረ ቁጥር ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይጥላሉ። በዚያ አገር ደግሞ ለቅሶ ላይ የሟች ፎቶ ይያዛል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። የፎቶ አንሺው እናት ያለ ፎቶ ሊለቀስላቸው ነው። ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሥቶታል።

በዚያ መንገድ መኪና መሄድ ካቆመ ቆይቷል፤ በእግር ወጡ። ነሐሴ ነው። የበቆሎውን ማሳ አልፈው አቀበቱን ሲጀምሩ ሰማዩ ጠቆረና በረዶውን አወረደው። ዳኘው ጋቢውን ገፎ ራሱን ትቶ ቦርሳውን ሸፈነበት። ቄሱ ይህን ታዝበው፣ ጭንቅላትም እኮ የሚሸፈን ነገር ነው አሉት።

ብር ወንዝ ሞልቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ቄሱ በበቅሎዋ ላይ ተቀምጠው ገቡ፤ ዳኘው ቦርሳውን አናቱ ላይ ይዞ በሌላ እጁ ጭራዋን ጨበጠ። መሃል ላይ እግሩ መሬት ለቀቀ። ውኃው አፉን ሞላው፤ ጎርፉ አዙሮ ጎተተው።

«ዕቃውን ጣለውና በሁለት እጅህ ያዝ» አሉ ቄሱ ከላይ።

አልጣለውም። በቅሎዋ እንደምንም ጎትታ ዳር አወጣችው። የዋጠውን ውኃ ተፍቶ ሳይጨርስ ቦርሳውን ከፍቶ ማየት ጀመረ። ቄሱ አኮረፉ። እውነታቸውን ነው፣ ሰው ሊሞትባቸው ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከባሕር ዛፉ ሥር አያ ጅቦ ብቅ አለ። መጀመሪያ አንድ ነበር፤ ከዚያ በዙ። በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ቄሱ ድንጋይ ቢወረውሩ፣ በመቋሚያቸው ቢያስፈራሩ አላፈገፈጉም። ዳኘው ትልቁን ካሜራ መንጭቆ አወጣና ፍላሹን አከታትሎ አበራባቸው። ብርሃኑ ቦግ ሲል ጅቦቹ ገደል ገደሉን ተበተኑ። ቄሱ ኩርፊያቸውን ረስተው ሳቁ።

ሳቁ አልቆየም። የመንደሩን ከብት ከሌባ የሚጠብቁ ገበሬዎች ብልጭታውን ከማዶ አይተው ጥይት መስሏቸው ኖሯል፤ ጠመንጃ ደግነው መንገዱን ዘጉባቸው። አንዱ ተኩስ እንዳልሰማ ሲናገር ሌላው፣ ዘንድሮ ድምፅ የሌለው መሣሪያ መጥቷል አለው። መሪያቸው የቄሱን መስቀል ተሳለመ፤ ከዚያም ረጅሙን ሌንስ አገላበጠ።

«አባ፣ ይኼ ሰውን ከሩቅ የሚያይ ነገር ነው። እርስዎን እናምናለን፤ ዕቃውን ግን ሽማግሌ ሳያየው አንለቅም። ነገ ይሰበሰባሉ። እስከዚያ ከኛው ዘንድ እደሩ።»

ዳኘው ለመነ፣ ማለ፣ የእናቱን መታመም ተናገረ። ሰዎቹ አዘኑለት፤ ዕቃውን ግን አልሰጡትም። ቢያድር ካሜራውን ይዞ ይሄዳል፤ እናቱ ላይ ግን ላይደርስ ይችላል። ቦርሳውን አቅፎ ቆመ። ጎርፍ ያላስጣለውን ነገር በደረቅ መሬት በገዛ እጁ አስረከበና ትንሿን ብቻ ይዞ ተነሳ። እንባው መጣ፤ ለካሜራው ይሁን ለእናቱ እሱም አልለየውም።

ሌሊቱን ሲጓዙ አድረው ፀሐይ ስትወጣ ደረሱ። እናቱ በሕይወት አሉ፤ መደቡ ላይ ኩርምት ብለዋል፣ በበሩ የገባው ብርሃን አልፎባቸዋል። ዳኘው ትንሿን አወጣ። ዓይን ተጠግቶ የሚያይባት ቀዳዳ የላትም፤ ደረት ላይ ተይዛ ነው የምታነሳው። ከሩቅም አታቀርብም። ስለዚህ ሄዶ አጠገባቸው ተንበረከከ። የእናቱ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ነጠላው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«ይቺ ፊትህን አትሸፍነውም።»

«አትሸፍነውም፣ እማዬ።»

«ያኛው ልጄን ይውጥብኝ ነበር። ስንት ጊዜ ቆይተህ ትመጣና ከኋላው ትገባለህ፤ እኔ የማየው ጥቁር ጉድጓድ ነው። የናፈቀኝ ፎቶ ይመስልሃል?»

ዳኘው አፈረ። ዓይኑን ከዓይናቸው ሳይነቅል ቁልፏን ተጫናት።

እናቱ በሳምንቱ አረፉ። ሽማግሌዎቹ ትልቁን ካሜራ መርምረው መጥተህ ውሰድ ብለው ልከውበታል፤ እሱ ግን ገና አልሄደም። በለቅሶው ቀን እህቱ ንግሥቴ ፎቶውን ይዛ መሃል ገባች። ጨለም ያለ ነው፣ ጠርዙም ደብዝዟል፤ የሠርግ ቢሆን ኖሮ ለደንበኛ አይሰጠውም ነበር። አልቃሿ ሙሾዋን ልትጀምር ቀረብ ብላ አየችው።

«ማንን አይተው ነው እንዲህ ፊታቸው የበራ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔን» አለ ዳኘው፤ ከዚያ በኋላ ቆሞ ማልቀስ አቃተው።