የወንድሟ ልብ

በአዲሱ ከተማ መጽሐፍ የሚነበበው በዐይን ብቻ አይደለም። አንባቢው ከመጽሐፉ ጀርባ የተጣጠፈውን «ልበ ክር» መዝዞ ግንባሩ ላይ ያስራል፤ የባለታሪኩ ስሜትም በክሩ አድርጎ ይገባበታል። ስለ ረሃብተኛ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ እህል ቀምሶ ይቀመጣል፤ ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም።

የዚያን ዓመት ከሁሉ በላይ የተነበበው ስንዱ ስለ ገዛ ወንድሟ ስለ አበጋዝ «ሕሊና ቢሱ» ብላ የጻፈችው ነበር። አበጋዝ በሦስት ስም ሦስት ሴቶች አግብቶ ሲያታልል የኖረ፣ አንደኛዋ በብስጭት ታማ ስትሞት ቀብሯ ላይ እንኳ ያልቆመ ሰው ነው፤ ከታሰረ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ስንዱ እስር ቤት ድረስ እየሄደች አናገረችው። ያኔ የሁለቱም ግንባር ላይ ስሜት የሚቀዳ ክር ታስሮ ነበር፤ የእሷ ስሜት ከእሱ ጋር እንዳይደባለቅ ተለይቶ እንዲጣል ነው። መጽሐፉ ወጣ፤ ክሩን ያሰረ አንባቢ ሁሉ ደረቱ ውስጥ በረዶ ገባ። ሰዉ ጉድ እያለ ተሻማበት። ጠቀመም እኮ! አንዲት ልጅ ገበያ መሀል ስንዱን አቅፋ፣ ያ ቅዝቃዜ እጮኛዋ አጠገብ ስትቀመጥ የሚሰማት መሆኑን ለይታ ቀለበቱን እንደመለሰችለት ነገረቻት። ስንዱ በኩራት አበጠች።

አሁን ግን የአበጋዝ የምሕረት ጉዳይ ሐሙስ ሊታይ ነው። የሸንጎው ዳኞች ሁሉ መጽሐፉን አንብበዋል፤ ጸጸት የሌለው ሰው ደግሞ ምሕረት አያገኝም።

ማክሰኞ ዕለት አንድ ጡረተኛ መምህር ደብዳቤ ላኩላት። ቅዝቃዜው የሚበረታው ሰውየው ሲናገር ሳይሆን ሲጠየቅ ነው፤ ክሩ እክል ሳይኖረው አይቀርም፣ አስመርምሪው ይላል። ሽማግሌ ሥራ ሲፈታ እንዲህ ነው ብላ ሳቀች፤ ቢሆንም ነገሩ ከነከናትና ክር ሠሪው መኩሪያው ዘንድ ሄደች።

መኩሪያው ዋናውን ቅጂ ከፍቶ ሲመረምር ቆየ፤ ፊቱ ጠቆረ። ክሮቹ ያኔውኑ ሲታሰሩ ተቀያይረው ኖሯል። ሲነበብ የከረመው የእሷ ልብ ነው፤ የተጣለው የእሱ።

ስንዱ ክው አለች። የተጣለው ይገኝ እንደሆነ ጠየቀች፤ መኩሪያው ከቁርጥራጭ ክሮች ሣጥኑ አወጣላት። ግንባሯ ላይ አሰረችው። ወንድሟ ስለ ሟቿ ሲናገር ድምፁ እንደ ድንጋይ ደረቅ ነበር፤ ውስጡ ግን የጸጸት እሳት ነው። መቀመጫው ላይ ኩርምት አለች። እሷ ያኔ ምን እያሰበች እንደነበር አልጠፋትም። «ይህቺማ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣታል» ነበር ያለችው በሆዷ። የገዛ እናቷን ልጅ ቁስል በእንጨት እየጎረጎረች! አፈረች፤ ከራሷ ጋር መቀመጥ አቃታት።

«ከእኔና ከአንቺ በቀር ያወቀ የለም» አላት መኩሪያው ዐይኑን ሰብሮ።

ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ዝም ብትል ወንድሟ እዚያው ይቀራል፤ ብትናገር ስሟ ይጠፋል። ሐሙስ ሸንጎው ፊት ቆማ አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ የተጣለውንም ክር አስረከበች። ዳኞቹ በየተራ አሰሩት። ከመካከላቸው ዕንባ ያላቀረረ አልነበረም። አበጋዝ አንገቱን እንደደፋ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያት።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አስካለ ምሕረቱን ከፈረሙ በኋላ ስንዱን ለብቻዋ አስቀሯት። ስንዱ ተግሣጻቸውን ልትሰማ ጎንበስ ብላ ጠበቀች።

«ልጄ፣ መጽሐፍሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለፍርድ አንዴ ይበቃኝ ነበር፤ ሁለቱን ጣፍጦኝ ነው።»