በመጀመሪያው ቀን እምቢ አይባልም

ሹናሌ ጠዋት ቢሮ ስትገባ መጀመሪያ የምታደርገው አባቷን መቀስቀስ ነበር። ጣቷን ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ስታሳርፍ አቶ ኦይቻ ይስላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ «ደህና አደራችሁ?» ይላሉ። ቀጥላ አቶ አልታዬን፣ ቀጥላ አቶ ጩምባን፣ እንዲህ እያለች አሥራ ሁለቱንም ሽማግሌዎች ታነሳለች። እውነተኛው ኦይቻ በዚያው ሰዓት ከሐይቁ ማዶ፣ ሐርባ መንደር ቁጭ ብለው መረብ እየጠገኑ የወገባቸውን ሕመም ይራገማሉ። ወረዳው ውስጥ ይህን እንደ ጉድ የሚያይ ሰው አልነበረም።

መሣሪያው ምስለ-ሸንጎ ይባላል። የሐርባን ጎሳ ሽማግሌዎች የዓመታት ንግግር እየሰማ ያደገ፣ እነሱ ሳይመጡ በእነሱ ድምፅና በእነሱ አስተሳሰብ የሚመልስ ማሽን ነው። ሕጉ «ጎሳው ሳይመከርበት አንድ ችካል አይተከልም» ይላል፤ ወረዳውም ይመክራል፣ ከማሽኑ ጋር። ጀልባው እንደሆነ ራሱን በራሱ የሚነዳ ነው፤ ማዶ ለመድረስ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ የመጨረስ ያህል ቢፈጅ ነው። ግን ማን ይሂድ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

የዚያን ቀን ጉዳይ ሪዞርት ነበር። ሐርባ ጫፍ ላይ፣ ምድሩ ወደ ውሃው ሾልኮ በሚገባበት፣ ግማሹ ከሐይቁ በታች የሚሆን የመስታወት ሆቴል ሊሠራ ነው። ሀብታም እንግዳ አልጋው ላይ ተንጋሎ ጉማሬ ከላዩ ሲዋኝ ያያል አሉ። ጥሩ፤ ይይ! ነገር ግን ያ ጫፍ ሽማግሌዎቹ ለሸንጎ የሚቀመጡባቸው ድንጋዮች ያሉበት፣ ከድንጋዮቹም ኋላ የሹናሌ እናት የተቀበሩበት ነው። በኩባንያው ሥዕል ላይ ድንጋዮቹ አልጠፉም። እንግዳ መቀበያው መሀል ተደርድረው፣ ከሥራቸው መብራት በርቶላቸው፣ አንዱ ላይ ሻንጣ ተቀምጦበት ይታያሉ። ሹናሌ ያንን ሻንጣ ስታይ ደሟ ፈላ።

አስተዳዳሪው ብዙአየሁ (አንቱ ልለው ነበር፣ አፌ አልታዘዝ አለኝ) ከኩባንያው ተወካይ ጋር ሳቅ እየተለዋወጠ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ሥዕሉን ለማሽኑ አሳየ፣ ስለ ሥራ ዕድል ስለ መንገድ ተናገረ፣ ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ «አባቶቼ፣ ይህ ልማት ይሠራ ዘንድ ምን ትላላችሁ?» አለ።

«መልካም ነው፤ ሰምተናል» አለ የአቶ ኦይቻ ድምፅ። «እንግዳችን፣ የረገጥከው ይለምልም፤ ያሰብከው ይቅናህ።»

«ይቅናህ» አሉ የቀሩት ድምፆች።

«አያችሁ!» ብዙአየሁ አጨበጨበ። «አንድም ተቃውሞ የለም። ሹናሌ፣ እጅሽን አሳርፊና አሽጊው።»

የማሽኑ መልስ ያለ ተቆጣጣሪው መዳፍ አይታሸግም፤ ተቆጣጣሪዋ ደግሞ እሷ ናት። እጇን ከሰሌዳው ላይ አነሳች። አባቷን ታውቃቸዋለች። የሚስታቸው መቃብር ላይ መዋኛ ሊቆፈር ሲባል «ይቅናህ» የሚሉ ሰው አይደሉም። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከፍታ ፈተሸችው፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ በሰማው ንግግር ሁሉ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ለእንግዳ እምቢ ያሉበትን ቦታ እንዲፈልግ አዘዘችው።

«አልተገኘም» አለ ማሽኑ።

አንድም! ያን ጊዜ ነገሩ ገባትና ራሷን በጥፊ ማጮል አማራት። ሐርባ ላይ እንግዳ በመጣበት ቀን እምቢ አይባልም። ይሰማል፣ ይመረቃል፣ ይሸኛል። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ እንግዳው በሌለበት እንደገና ይቀመጣሉ፤ ያን ጊዜ ስልክም ይሁን መቅጃ፣ አንድም መሣሪያ ወደ ድንጋዮቹ አይቀርብም። እምቢ የሚባለው እዚያ ነው፤ ለእንግዳውም ዘመድ ተልኮ በቀስታ ይነገረዋል። ማሽኑ ዕድሜውን ሙሉ የሰማው ምርቃቱን ብቻ ነበር። እሷም የዚያው መንደር ልጅ ሆና ያን ሁሉ ምርቃት በገዛ እጇ ስታጎርሰው ነገሩ አንድ ቀን ትዝ አላላትም።

«አቶ ብዙአየሁ፣ ይህ መልስ አይደለም፤ አቀባበል ነው» አለችው። «መልሱ ነገ ነው። አንድ ቀን ይጠብቁ።»

«ምክክር በአንድ ቀን ያልቃል ይላል መመሪያው። ደግሞስ እምቢ ማለት ከፈለጉ አፋቸውን ማን ያዘው? የማይፈልግ ሰው አልፈልግም ይላል።»

«እርስዎ ሰፈር ይሆናል።»

«አንቺ ልጅ! ለወረዳው ነው የምትሠሪው ወይስ ለአባትሽ?»

«ለአባቴ ብሠራማ ይሄን ጊዜ ሰባብሬው ነበር» አለችና ስልኳን ድምፁን ለሁሉም ከፍታ አባቷ ዘንድ ደወለች። ሕጉ አንድ ሽማግሌ በራሱ አንደበት መቃወም ይችላል ይላል፤ ይህን እንኳ አልሰረዙትም።

«አባዬ፣ ጫፉ ላይ ሆቴል ሊሠሩ ነው። እማዬ ያለችበት። ማሽኑ በእርስዎ ድምፅ መርቆ ሰጥቷቸዋል። አሁኑኑ እምቢ ካላሉ ዛሬ ያልቃል።»

ከማዶ የመረቡ ኮሽታ ቆመ። «እንግዳው እዚያ አለ?»

«አለ። እየሰማዎት ነው።»

«ዛሬ ነው የመጣው?»

«ዛሬ ነው፣ አባዬ።»

አቶ ኦይቻ በረጅሙ ተነፈሱ። ሹናሌ ምን እየጠየቀቻቸው እንደሆነ አላጣችውም። እንግዳን በመጣበት ቀን ፊት ለፊት እምቢ ያለ ሽማግሌ ድንጋዩን ያጣል። ዳግመኛ ሸንጎ አይቀመጥም፣ ልጁም አይወርሰውም። የኦይቻ ድንጋይ የአያታቸው ነበር።

«እምቢ» አሉ። ከዚያ የታፈነው ሁሉ ፈነዳ። «ሰማህ አንተ ሰውዬ? እምቢ! ሚስቴ ላይ ማንም አይዋኝም! እምቢ ብያለሁ!»

ማሽኑ ትንሽ አሰበ። «ተናጋሪው ከአቶ ኦይቻ ጋር አይመሳሰልም» አለ በአቶ ኦይቻ ድምፅ። «አቶ ኦይቻ እንዲህ አይናገሩም። ተቃውሞው ተቀባይነት የለውም።»

ወይ ነዶ! ሰውየው በሕይወት እያሉ፣ ነፍሳቸው ውስጣቸው እያለ፣ ራሳቸውን አይመስሉም ተባሉ። ብዙአየሁ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ተወካዩም እሱ ሲስቅ አይቶ ሳቀ። ይህን ያላየ ሰው ንዴት አውቃለሁ አይበል።

«እውነቱን ነው» አሉ አቶ ኦይቻ። «ኦይቻ እንዲህ አይናገርም። እናንተ ናችሁ እንዲህ ያናገራችሁኝ።»

ሹናሌ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች። «አላሽግም። ምስሉና ባለምስሉ ከተጣሉ ሸንጎው በቦታው ይሰማል ይላል የራሳችሁ ሕግ። ይነሱ፣ እንሂድ። ወይም እጄን ቆርጠው ያሳርፉት።»

ብዙአየሁ እየተነጫነጨ ተነሳ። ዛሬውኑ ከተሰማ ግን የሚጎዳው ነገር አልታየውም፤ ማሽኑ ምን እንደሚሉ ነግሮታላ። ተንቀሳቃሹን ምስለ-ሸንጎ አስጭኖ ጀልባው ላይ ወጣ።

ሲደርሱ አሥራ አንዱ ተቀምጠው ጠበቋቸው። የኦይቻ ድንጋይ ባዶ ነበር። እሳቸው ከክቡ ውጭ፣ ከሚስታቸው መቃብር አጠገብ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። እምቢ ማለታቸው እንደተሰማ የቀሩት ሽማግሌዎች ከድንጋያቸው አስነሥተዋቸው ነው፤ ያውም እያለቀሱ። ብዙአየሁ ማሽኑን ሣሩ ላይ አስቀምጦ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀ።

በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት አቶ አልታዬ እጃቸውን ዘረጉ። «መልካም ነው፤ ሰምተናል። እንግዳችን፣ የረገጥከው ይለምልም...»

«አባ አልታዬ!» ሹናሌ ጮኸች። «ዛሬ እምቢ ካላሉ ነገ የለም! ነገውን ወስደውታል! ይገባዎታል?»

«ልጄ፣ እንግዳ ፊት አይጮህም።»

አይ የእኛ ሰው! ቤቱ እየነደደ ለእሳቱ ወንበር ያቀርባል። ሹናሌ በዚያች ሰዓት ከብዙአየሁ ይልቅ እነሱን ልትበላቸው ደረሰች።

«እምቢ!» አሉ አቶ ኦይቻ ከውጭ።

ብዙአየሁ ዞሮ እንኳ አላያቸውም። «እኚያ ሰውዬ ድንጋይ አላቸው?» ብሎ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ።

መዋሸት ይቻል ነበር። አዎ አላቸው ቢሉ ማን ያውቃል? አቶ አልታዬ ግን መሬት መሬት እያዩ፣ «የላቸውም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ የላቸውም።»

«እንግዲያው ድምፃቸው አይቆጠርም። አሽጊ።»

ሹናሌ አልተንቀሳቀሰችም። የተንቀሳቀሱት አቶ አልታዬ ነበሩ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፣ ድንጋያቸውን አንዴ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ በቀስታ ከክቡ ወጥተው ከኦይቻ ጎን ቆሙ።

«እንግዳችን፣ ይቅር በለን» አሉ። «እምቢ።»

አቶ ጩምባ ተከተሉ። «እምቢ» ለማለት አፋቸው አልፈታ ብሏቸው ሁለቴ ሞከሩት፤ በሕይወታቸው ለእንግዳ ብለውት አያውቁማ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። አምና የተቀመጠው ሻንቆ የሁሉ መጨረሻ ሆነ፤ አባቱ ከሞቱ ጀምሮ ያንን ድንጋይ ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ብድግ አለ።

ማሽኑ ክቡን ቃኘ። «ሸንጎ የለም» አለ። «የሚመከር አካል አልተገኘም። ፈቃዱ ሊታሸግ አይችልም።»

«ምን ማለት ነው? ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው የምመክረው?» ብዙአየሁ ፊቱ ቀላ። ቆመው የሚያዩትን ሽማግሌዎች በጣቱ እየጠቆመ፣ «ይኼው ናችሁ እኮ! እዚሁ ናችሁ!» አለ። አሁን ነው ያያቸው። ተወካዩ ሥዕሉን ጠቅልሎ ቀድሞ ወደ ጀልባው ወረደ፤ ብዙአየሁም እየተሳደበ ተከተለው። አንድ ቀን ነበር እኮ የተጠየቀው። አንድ ቀን!

ጀልባው ከዓይን ሲርቅ ሹናሌ እንደ እብድ ሳቀች፣ ዘለለች፣ አባቷን አቀፈቻቸው። «ሄዱ! ያለ ሸንጎ ፈቃድ የለም፤ ቀረ በቃ! ኑ፣ ተቀመጡ እንጂ፣ ደክሟችኋል!»

አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«ሄደዋል እኮ! ማን አያችሁ? ተቀመጡ!»

«ማን ያስቀምጠን፣ ልጄ?» አሉ አባቷ።

«ምን ማለት ነው ማን ያስቀምጠን? ድንጋይ የሚሰጥ ሸንጎው ነዋ! ሸንጎው ራሱ...»

ዞራ ክቡን አየችው፤ ድንጋይ የሚሰጥ አንድ ሰው እንኳ አልተቀመጠበትም። አቶ አልታዬ ከድካማቸው ብዛት ተንገዳገዱና ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ድንጋዮቹ ሁሉ አጠገባቸው ባዶ ሆነው ሳለ።