ወደ ማክሰኞ የተዛወረው ጨዋታ

«ይድረስ ለመላው የአሽዶድ ዓርብ ሊግ ቤተሰብ! በያላችሁበት ጆሯችሁን ስጡኝ። በዛሬው ዕለት በወደብ ቡድንና በቀጠና ቡድን መካከል ሊካሄድ የነበረው ታላቅ ግጥሚያ፣ ከሰው አቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ ማለትም ሣሩ ውሃ መጠጣት ስላለበት፣ ወደ ማክሰኞ መዛወሩን በጥልቅ ኀዘን አስታውቃለሁ። አንዳርጌ፤ የመርሐ ግብር ክፍል ኃላፊ።»

ይህ የድምፅ መልእክት ዓርብ ጠዋት በሊጉ የዋትሳፕ ቡድን ተለቀቀ። የመርሐ ግብር ክፍሉ አንድ ሠራተኛ ብቻ ነበረው፤ እሱም ኃላፊው ነው። እኩለ ቀን ላይ ክፍሉ ባዶ ቀረ። አንዳርጌ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ሜዳ ጥግ፣ መረብና ኳስ በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ሞቶ ተገኘ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር።

መርማሪ ሺፍራ እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋን ከወላጆቿ፣ ጥርጣሬዋን ከፖሊስ ሥራ አግኝታለች። የመጋዘኑ ደፍ ላይ ቆማ ውስጡን አየች። የሜዳ መስመር የሚሰመርበት የኖራ ከረጢት ተቀድዶ ወለሉን፣ ግድግዳውንና ኳሶቹን ነጭ አድርጓቸዋል። አንዳርጌ በተጣጠፈ የጎል መረብ ላይ በጀርባው ተጋድሟል። ዓይኖቹ ተከድነዋል፤ እጆቹ በግራና በቀኝ ጎኑ ተስተካክለዋል፤ አገጩ በኳስ ተጫዋች ካልሲ ታስሯል። ጃኬቱ ውጭ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ኪሱ ውስጥ ስልኩና የአስም መርጫው ነበሩ።

ሜዳው ዳር አራት ሰዎች ይጠብቋታል። የቀጠና ቡድን አሠልጣኝ ትሁኔ በሁለት እጁ ጨበጣት። ሜዳውን የሚያጸዱት ወይዘሮ ጸሐይነሽ ጉንጯን ሳሟት። የወደብ ቡድን አምበል ኤሊያብ የዘረጋላት እጅ ቀዝቃዛ ነበር። አባቱ አባ ዋሴ ከጎሉ ጀርባ፣ ፀሐይ ላይ፣ ብቻቸውን ቆመው ከሩቅ እጅ ነሧት።

«አባ፣ ጥላው ውስጥ ይግቡ እንጂ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ ልጄ።»

ጸሐይነሽ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ይዘውላቸው ሄዱ። ሽማግሌው አልተቀበሉም። «መሬት አድርጊልኝ» አሉ።

ሺፍራ ከትሁኔ ጀመረች። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ዕቃ የሚጭን፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚገዝፍ ሰው ነው።

«በሩን የሰበርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ በብረት። ደፉ ላይ ሆኜ አየሁትና ደወልኩላችሁ። አልነካሁትም።»

«ማን ቆለፈበት?»

«ዘንድሮ ነው አምና?» ትሁኔ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው። «እኅቴ፣ የኛ ሊግ መርሐ ግብር እንዲህ ነው የሚወጣው። አንዳርጌ ቀን ይቆርጣል። ቀኑ ያልተመቸው መጥቶ ይጮኽበታል። አልሰማ ካለ ይቆለፍበታል። እሱም ከውስጥ ሆኖ በሩን ይደበድባል፣ ይሳደባል፣ ይስቃል፤ በመጨረሻ ‹እሺ፣ ክፈቱልኝ› ይላል። ቀኑ ይቀየራል። አምና በፋሲካ ሰሞን እኔ ራሴ ቆልፌበታለሁ። ሲወጣ ምሳ ጋበዝኩት።»

«ቁልፉስ?»

«ሁልጊዜ ጓጉንቸሩ ላይ ሰክቶ ይተወዋል። እንዲመቸን ነዋ!» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጸሐይነሽ ጠዋት ቁፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ ውስጥ፣ ለደም ምርመራ ወረፋ ላይ ነበሩ።

«አባ ዋሴም አብረውኝ። የአንዳርጌን መልእክት እዚያው ሰማነው፤ ሳቅን። ኋላ የሳቸው ስልክ ጮኸ። ተራቸው ደርሶ ነርሷ ስትጠራቸው ጥለው ወጡ።»

«ማን ነበር የደወለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ ‹መጣሁ፣ ከዚያ እንዳትንቀሳቀስ› ሲሉ ሰማሁ።»

ኤሊያብ በወደቡ ኮንቴይነር ያስራል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ሺፍራ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዛሬ ላንተ ምን ቀን ነበር?»

«የአንድ ክለብ መልማይ ሊያየኝ መጥቶ ነበር። ለዛሬ ብቻ። በኔ ዕድሜ ሁለተኛ ማንም አይመጣም። ቤኤሜት፣ እውነቴን ነው፣ ማንም።»

«አንዳርጌን ለመንከው?»

«ለመንኩት።»

«ምን አለህ?»

«ሣሩ ውሃ ይጠጣል አለኝ።»

 ወደ ጎሉ ጀርባ ብቻ ያያል።

ሺፍራ ሁሉንም ተመልካች በሚቀመጥበት የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ሰበሰበቻቸው። አባ ዋሴ አሁንም ራቅ ብለው ቆሙ።

«አንዳርጌን ሊገድል ያሰበ ሰው የለም» አለች። «አንድ ሰው እንደ ወትሮው ቆለፈበት። ዛሬ ግን ከተቀደደው ከረጢት በወጣ የኖራ ብናኝ ውስጥ ነበር፤ መርጫውና ስልኩ ውጭ። በሩን ሲደበድብ የሰማው ሰው እንደ ሁልጊዜው ነው ብሎ ሄደ። ሲመለስ ድምፅ የለም።»

ጸሐይነሽ ደረታቸውን መቱ።

«የሞተ ሰው ግን ዓይኑን ራሱ አይከድንም፤ አገጩንም አያስርም። ከሞተ በኋላ ሰው ገብቷል። የገባው ሰው በሩን ክፍት ትቶት ቢሄድ ኖሮ፣ እኔ ‹አስም› ብዬ ጽፌ ለሻባት፣ ለሰንበቱ፣ ቤቴ እገባ ነበር። እሱ ግን መልሶ ቆለፈው። ለምን? ሬሳ በሩ ተከፍቶ ብቻውን አይተውም። ድመት ይገባል፣ ውሻ ይገባል። ለሟቹ ክብር ብሎ ራሱን አጋለጠ።»

«ማነው?» አለ ትሁኔ።

«ዛሬ ሦስታችሁ ነክታችሁኛል። በአባቶቻችን፣ በቤተ እስራኤል ሕግ፣ ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ሰው አይነካም፤ ከሰው እጅም አይቀበልም። ይህን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች በየሕንፃው ጥቂት ቀርተዋል።» ወደ ጎሉ ዞረች። «አባ፣ እኔን መዋሸት ይችሉ ነበር። እጄን መጨበጥ ግን አልቻሉም።»

አባ ዋሴ ከኪሳቸው ትንሽ ቁልፍ አወጡ። አልሰጧትም። ሣሩ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ተራመዱ። ሺፍራ ጎንበስ ብላ አነሣችው።

«ይህን ቁልፍ የወሰደው መጀመሪያ የቆለፈው ሰው ነው» አለች፤ ድምፅዋ እየቀነሰ መጣ። «ለእርስዎ የሰጠውም እሱ ነው። የደወለልዎትም እሱ ነው። ‹እንዳትንቀሳቀስ› ያሉትም እሱን ነው።»

ኤሊያብ ተነሣ። «አባዬ፣ በቃ፣ እኔ—»

«ቁጭ በል!»

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንደተቀመጠው ተቀመጠ።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ» አሉ አባ ዋሴ።

«እርስዎ ወረፋ ላይ ነበሩ። ነርሷ በስምዎ ጠርታዎታለች።»

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ።»

በዚህ መካከል የውሃ መርጫዎቹ በራሳቸው ተከፈቱ። ማንም አልተነሣም። ውሃው ሣሩን፣ ነጩን መስመር፣ የሽማግሌውን ጫማ እያራሰ ዞረ። ሺፍራ በእጇ ያለውን ቁልፍ አየች። ማወቅ የሚገባትን ሁሉ አውቃለች፤ የሚጠቅማት ነገር ግን አላገኘችበትም። ሽማግሌው ልጃቸውን የሚያድን አንድ ጥሩ ውሸት ቢያገኙ ምናለ ብላ ተመኘች።

«አባ፣ እባክዎ። ከወረፋው ሆነው እንዴት ቆለፉት? ያስረዱኝ።»

«አላስረዳም» አሉ።