የታረቀኝ ውታፎች

ታረቀኝ ሞቶ፣ ውሃው ግድቡ ዳር አሸዋው ላይ ተፍቶት፣ በጀርባው ተዘርግቷል። ማለዳ አይታው የጮኸችው የጀልባ ክበቡ አባል ሳሊሀ ነበረች። የሱ ጀልባ ሰጥማ ከዳር ራቅ ብሎ የምሰሶዋ ጫፍ ብቻ ይታያል።

ኢንስፔክተር አስረሳሽ ከቆቦ መጥታ ሬሳውን ሳትገልጥ ጎርፉ ከኋላዋ መንገዱን ቆረጠው። ፊት ለፊት ግድብ፣ ከኋላ ጎርፍ። የጀልባ ሸራ በሚቀመጥባት የቆርቆሮ መጋዘን ሬሳውን አስገብታ ከሳሊሀና ከሁለት የክበቡ ሰዎች ጋር ተዘጋባት። የራያን ቆላ ሙቀት ከቆርቆሮ ሥር ያልቀመሰ ሰው መታፈንን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል።

ታረቀኝ የድሮ ባሕርተኛ ነበር። ከምጽዋ ተመልሶ ሁለት በርሜል በባሕር ዛፍ አጋጥሞ፣ ሸራ ሰቅሎ ግድቡ ላይ ሲንሳፈፍ ጎብዬ ገበያ ድረስ ተሳቀበት። የሳቁት ልጆች ግን መንታ ጀልባ መንዳት ተማሩ፤ ክበቡም እንዲህ ተወለደ። ነገ የምሥረታው በዓል ነው፤ ታሪኩን በሕዝብ ፊት ሊናገር የነበረውም እሱ ነው።

«ምን ያካብዳሉ?» አለ የክበቡ ሊቀመንበር ይድነቃቸው ላቡን እየጠረገ። «ሽማግሌው ብቻውን ወጣ፤ የጀልባዋን ሆድ ቀዳዳዎች ሳይወትፍ ረሳ፤ ስትሰጥም እንጨቱ ማጅራቱን መታው። ካላመኑ ሳሊሀን ይጠይቁ፤ ትናንት ከታረቀኝ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰምቻለሁ።»

ሳሊሀ አልካደችም። «ወላሂ አልገደልኩትም! ወንድሜ ሙሄ እዚህ ነው የሰጠመው። ክበቡ ያለ ፈቃድ ወጣ እያለ ስሙን ሲያጠፋ ኖረ። ጋሽ ታረቀኝ ትናንት፣ እውነቱን በበዓሉ እናገራለሁ አለኝ። እስካሁን ለምን ደበቅኸኝ ብዬ ጮህኩበት። እኔ ከታሰርኩ የሙሄን ስም ማን ያነጻለታል?»

አስረሳሽ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ማጅራቱን አየች፤ የሸሚዙን አንገት ከፍታ ከሥሩ ያለውን ነካችና መልሳ ቆለፈችው። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«አንገታችሁን አሳዩኝ።»

ሳሊሀና የቆቦው መምህር አንዷለም ከየሸሚዛቸው ሥር ክር መዘዙ፤ በየክሩ ሁለት ሁለት የጎማ ውታፍ ተንጠልጥሏል። የይድነቃቸው አንገት ላይ ከረባት ብቻ ነበር።

«ሙሄ ከሞተ ወዲህ ጋሽ ታረቀኝ ያወጣው ልማድ ነው» አለ አንዷለም። «ጀልባዋ ዳር ስትወጣ ውሃው እንዲፈስ ውታፎቿን ነቅለን አንገታችን ላይ እናስራለን። ስንነሣ ወትፈን ባዶውን ክር ምሰሶው ላይ እናንጠለጥላለን። ሊቀመንበሩ አያውቁትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሸዋውን እንኳ ረግጠው አያውቁም።»

«የታረቀኝም ውታፎች አንገቱ ላይ ናቸው» አለች አስረሳሽ። «አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ረስቶ አይወጣም፤ ስለዚህ ለመውጣት አልተነሣም። ዳር ላይ ተመትቶ ነው ጀልባዋ ላይ ተጭኖ የተገፋው። ሳሊሀ ወይም አንዷለም ቢሆኑ የወጣ እንዲመስል ክሩን አውልቀው ምሰሶው ላይ ሳያንጠለጥሉ አይለቁትም ነበር፤ ልማዱን ያውቁታል። ያልነካው ያላወቀው ነው። ደግሞስ አቶ ይድነቃቸው፣ ጀልባዋ አሁንም ውሃ ውስጥ ናት፤ ሆዷን ያየ የለም። አለመወተፏን ማን ነገረዎት? ሲገፏት ቀዳዳዋ ክፍት መሆኑን አይተው ደስ ብሎዎት ነው።»

ይድነቃቸው ብድግ ብሎ በሩን ከፈተ። ጎርፉ ደጃፉ ድረስ ደርሶ ይጮኻል። በሩን ዘግቶ የሸራው ክምር ላይ ተቀመጠ።

«ሙሄ በሞተ ቀን እንግዶች ጀልባ ሲነዳ ለማየት ቆመው ይጠብቁ ነበር» አለ በመጨረሻ። «የሱ ጀልባ ሆድ መሰንጠቁን አውቅ ነበር። ሙሄ አልወጣም አለኝ። ውጣ ብዬሃለሁ አልኩት። ታረቀኝ ሰምቶ ነበር፤ ለክበቡ ብሎ ዝም አለ። ነገ ሊናገር ሆነ…»

ሳሊሀ አለቀሰች፤ የታፈነ የስንት ዓመት ለቅሶ ነበር። ከዚያ ወደ ሬሳው ሄዳ ሁለቱን ውታፎች ከአንገቱ ለመፍታት አስረሳሽን በዓይኗ ጠየቀች።

«ለማስረጃ እፈልጋቸዋለሁ» አለች አስረሳሽ።

«እሺ» አለች ሳሊሀ። «ነገ ግን ይዘሽልኝ ነይ። ታሪኩን እኔ ነኝ የምናገረው፤ የምጀምረውም ታዝዞ በወጣው ወንድሜ ነው።»